ሁለት ባይት ወደ ኋላ

ሊኑክስ የተጫነበት ኮምፒውተር ያገኘ የሆሳዕና ተማሪ፣ በዋቸሞ ዩኒቨርሲቲ ቤተ ሙከራም ይሁን ከጓደኛው በተዋሰው ላፕቶፕ፣ ይህን በዓይኑ ማየት ይችላል። ተርሚናሉን ይክፈትና «ካት» የምትባለውን ትንሽ ፕሮግራም «ኤስትሬስ» በሚባለው መከታተያ በኩል ያስነሣ። ኤስትሬስ ፕሮግራሙ ከከርነሉ ጋር የሚለዋወጠውን ሁሉ መስመር በመስመር ያትማል። ብዙ መስመር ከወረደ በኋላ ስክሪኑ ጸጥ ይላል፤ መጨረሻ ላይ የሚቀረው ያልተቋጨ መስመር ነው፦ «ሪድ» የሚል ቃል፣ የተከፈተ ቅንፍ፣ ዜሮ፣ ኮማ። ካት ከርነሉን «ከኪቦርዱ የሚመጣውን አንብብልኝ» ብላዋለች። ማንም ምንም ስላልጻፈ መልስ የለም። ካት ተኝታለች።

አሁን የመስኮቱን ጠርዝ በማውስ ይዞ ትንሽ ይጎትት። ያልተቋጨው መስመር በድንገት ይቋጫል፤ የእኩል ምልክት፣ የጥያቄ ምልክት፣ ከዚያም «ኢሪስታርትሲስ» የሚል ረጅም ስም ይከተላል። ከሥሩ «ሲግዊንች»፣ ማለትም የመስኮቱ መጠን መለወጡን የሚያስታውቀው ሲግናል፣ ግራና ቀኙን በሰረዝ ታጥሮ ይታተማል። ከዚያ በታች ያው «ሪድ»፣ ያው ቅንፍ፣ ያው ዜሮ እንደገና ይጻፋል። ኤስትሬስ ባይከታተላት ኖሮ ከርነሉ ካት ግድ የማይሰጣትን ይህን ሲግናል ሳያደርስ ይጥለው ነበር፤ ክትትል ስላለ ግን ሁሉም ነገር በኤስትሬስ በኩል ያልፋል፣ እኛም እናየዋለን። በእነዚህ ሦስት መስመሮች ውስጥ አንድ ሥራ መሃል ላይ ተቋርጧል፣ ተትቷል፣ እንደ አዲስም ተጀምሯል። ካት ከዚህ ሁሉ አንዱንም አላወቀችም። በእሷ በኩል ያለው አንድ ጥያቄና አንድ መጠበቅ ብቻ ነው።

ኮምፒውተር ውስጥ በሰው እጅ ከተሠሩ ነገሮች ይህን ያህል ደጋግሜ የማደንቀው ጥቂት ነው። ብዙ ሰው የፕሮግራም ሥራን የሚመዝነው ሁሉ ነገር በሰላም ሲሄድ በሚያሳየው ፍጥነት ነው። እኔ ግን የሠሪው እጅ የሚታወቀው ሥራው ሲቋረጥ ነው ባይ ነኝ፤ በተቋረጠበት ቦታ ላይ ለጠያቂው የሚሰጠው መልስ እውነት ነው ወይስ አይደለም?

ነገሩን ከሥሩ እንየው። ማንኛውም ፕሮግራም ፋይል ለመክፈት፣ ከኔትወርክ ለማንበብ፣ ለጥቂት ሰከንድ ለመተኛት እንኳ ብቻውን አቅም የለውም፤ የኦፐሬቲንግ ሲስተሙን እምብርት፣ ከርነሉን፣ መጠየቅ አለበት። ይህ ጥያቄ ሲስተም ኮል ይባላል። ሲግናል ደግሞ የዚህ ተገላቢጦሽ ነው፤ ፕሮግራሙ ሳይጠይቅ ከውጭ የሚመጣበት ማስታወቂያ። ኮንትሮል ሲ ሲጫን፣ የተቀጠረው ሰዓት ሲደርስ፣ የወለደው ፕሮሰስ፣ ማለትም ያስነሣው ሌላ በሩጫ ላይ ያለ ፕሮግራም፣ ሲሞት ሲግናል ይመጣበታል። ችግሩ የሚነሣው ሁለቱ መንገድ ላይ ሲገናኙ ነው። ፕሮግራሙ ጥያቄውን አቅርቦ ከርነሉ ውስጥ ተኝቶ ሳለ ሲግናል መጣ እንበል። ሲግናሉን የሚቀበለው ሃንድለር፣ ፕሮግራመሩ ለዚሁ ብሎ የጻፈው ፈንክሽን፣ መሮጥ አለበት። እሱ የሚሮጠው ግን ከከርነሉ ውጭ፣ በፕሮግራሙ በራሱ ግቢ ነው። ስለዚህ ከርነሉ የያዘውን ጥያቄ ጥሎ መውጣት ግድ ይሆንበታል። ጥሎ ሲወጣ ጠያቂውን ምን ይበለው?

እንዲህ ያለው ጥያቄ ለሀዲያና ለከምባታ ሰው እንግዳ አይደለም። አንድ ኩንታል ስንዴ ይዞ ወፍጮ ቤት የገባ ሰው፣ እህሉ ግማሽ ላይ ሲደርስ መብራት ቢሄድ፣ ባለ ወፍጮው «ተፈጭቷል» አይለውም፤ «አልተፈጨም»ም አይለውም። የወረደውን ዱቄትና ገና ያልወረደውን እህል ለይቶ ያሳየዋል። መብራት ሲመጣ የሚቀጠለው ከቀረው ነው እንጂ ዱቄቱን መልሶ ወፍጮ ውስጥ የሚጨምር የለም። የከርነሉም የመጀመሪያ ሕግ ይኸው ነው። አንድ ፕሮግራም 100,000 ባይት በፓይፕ በኩል ለሌላ ፕሮግራም ልስጥ ቢል፣ ሊኑክስ ላይ ፓይፑ እንደ ልማዱ የሚይዘው 65,536 ባይት ነው። አንባቢው ካላነበበ ጸሐፊው እዚያ ላይ ቆሞ ይጠብቃል። በዚህ መሃል ሲግናል ገብቶ ሃንድለሩ ቢሮጥ «ራይት» የሚመልሰው ስሕተት አይደለም፤ 65,536 የሚል ቁጥር ነው። ይህን ያህሉ ሄዷል፣ የቀረው አንተው ጋ ነው፣ ከፈለግህ ከዚያ ቀጥል ማለቱ ነው።

አስቸጋሪው ምንም ሳይተላለፍ ሲቋረጥ ነው። የሊኑክስ አርአያ የሆነው ኦፐሬቲንግ ሲስተም፣ ዩኒክስ፣ በመጀመሪያዎቹ ዕትሞቹ ለዚህ ቀላሉን መንገድ መረጠ። ጥሪው በስሕተት ይመለሳል፣ የስሕተቱም ቁጥር 4 ነው፣ ስሙ «ኢኢንተር»፤ «ተቋርጧል፣ ምንም አልተሠራም» ማለት ነው። ደግሞ መሞከር የፕሮግራመሩ ፋንታ ሆነ። ይህ ሐቀኛ መልስ ነው፤ አልዋሸም። ነገር ግን ሸክሙን እያንዳንዱ ፕሮግራም፣ እያንዳንዱ «ሪድ» ላይ እንዲሸከመው ፈረደ። አንዱ ቦታ ላይ የዘነጋው ፕሮግራመር ዓመት ሙሉ ደህና የሠራ ፕሮግራም አንድ ቀን ያለ ምክንያት የወደቀ ይመስለዋል። እ.ኤ.አ. በ1983 የወጣው የበርክሌይ ዩኒክስ፣ 4.2 ቢኤስዲ፣ ወደ ሌላው ጥግ ሄደ። «ሪድ»፣ «ራይት»፣ «ዌይት» እና መሰሎቻቸው ሲቋረጡ በራሳቸው እንዲደገሙ አደረገ። ይህም አላረካም። ሰዓት ቀጥሮ «በአሥር ሰከንድ ውስጥ መልስ ካልመጣ ልተወው» የሚል ፕሮግራም መቋረጡን ይፈልገዋል፤ ሁልጊዜ የሚደገምበት ከሆነ ለዘላለም ይጠብቃል። ስለዚህ 4.3 ቢኤስዲ በ1986 ምርጫውን ለፕሮግራመሩ መለሰለት፣ ያውም ለእያንዳንዱ ሲግናል ለየብቻ። ዛሬ «ኤስኤ ሪስታርት» የምንለው ምልክት የዚያ ውሳኔ ልጅ ነው። ሃንድለሩን ሲያስመዘግብ ምልክቱን ያቆመ ይደገምለታል፤ ያላቆመ ኢኢንተር ይደርሰዋል።

አሁን ወደ እጅ ሥራው እንቅረብ፤ እኔን የያዘኝ እዚህ ላይ ነው። በ64 ቢት የኢንቴልና የኤኤምዲ ማሽኖች ላይ ፕሮግራም ከርነሉን የሚጠራበት ትእዛዝ ሁለት ባይት ብቻ ነው፤ በቁጥር 15 እና 5። ፕሮሰሰሩ እነዚህን ሲያገኝ ወደ ከርነሉ ይሻገራል። ሲመለስ ከየት እንደሚቀጥል የሚያመለክተው ጠቋሚ ከሁለቱ ባይቶች ቀጥሎ ባለው ትእዛዝ ላይ ይቆያል። ከርነሉ ጥሪውን ማስደገም ሲፈልግ ከዚህ ጠቋሚ ላይ 2 ይቀንሳል። በቃ። ፕሮግራሙ ሲመለስ እግሩ የሚያርፈው ከጥሪው ወዲያ ሳይሆን ከጥሪው ወዲህ ነው፤ ያንኑ ጥሪ ይጠራል፣ የመጀመሪያው ነው ብሎ። የተቋረጡ ጥሪዎች ዝርዝር የለም፣ ወረፋ የለም፣ የሚያስታውስ ሠራተኛ የለም። ከሆሳዕና እስከ ዱራሜ፣ ከሾኔ እስከ አንጋጫ በየኪሱ ያለው የአንድሮይድ ስልክም የሚሠራው በሊኑክስ ከርነል ነው። 64 ቢት በሆኑት ስልኮች ላይ የጥሪው ትእዛዝ 4 ባይት ስለሆነ የሚቀነሰው 4 ነው። ልዩነቱ ይህችው ናት።

ሃንድለር ሲኖር ደግሞ ቅደም ተከተሉን ልብ በሉት። ከርነሉ ሃንድለሩን ከማስሮጡ በፊት የፕሮግራሙን ሬጅስተሮች፣ ፕሮሰሰሩ የያዘውን ቁጥር የሚያኖርባቸውን ትንንሽ ቦታዎች፣ በሙሉ ስታክ በሚባለው የፕሮግራሙ ጊዜያዊ ማከማቻ ላይ ይገለብጣቸዋል፤ ሃንድለሩ ሲጨርስ ከዚያ ይመለሳሉ። ሁለቱን ባይት የሚቀንሰው ከመገልበጡ በፊት ነው። ስለዚህ በስታኩ ላይ የተቀመጠው ጠቋሚ አስቀድሞ ወደ ኋላ የተመለሰው ነው። ሃንድለሩ ይሮጣል፣ ይጨርሳል፣ ሬጅስተሮቹ ይመለሳሉ፣ ፕሮግራሙም ራሱን ከጥሪው በር ላይ ያገኘዋል። ማስደገሙን የሚያስፈጽም ሌላ እርምጃ አያስፈልግም፤ ውሳኔው በተቀመጠው ዕቃ ውስጥ አብሮ ተቀምጧል።

ሁለት መቀነስ ብቻውን ግን አይበቃም። ጥሪው ምን እንደሆነ የሚናገረው ቁጥር፣ «ሪድ» ከሆነ 0፣ «ራይት» ከሆነ 1፣ የሚቀመጠው «ራክስ» በሚባል ሬጅስተር ነው። መልሱም የሚመጣው በዚያው ሬጅስተር ነው። መልሱ ሲጻፍ ጥያቄው ይጠፋል ማለት ነው። ለዚህ ሲባል ከርነሉ ገና በሩ ላይ፣ ምንም ነገር ሳያቋርጠው፣ የጥሪውን ቁጥር ቅጂ ለብቻ ያኖራል። የማስደገም ነገር ከመጣ ቅጂውን ወደ ራክስ ይመልሳል፤ ካልመጣም ምንም አልጎደለበትም።

ይህ ቅጂ ሌላም ጥበቃ ይሰጣል። ወደ ከርነሉ የሚገባው በጥሪ ብቻ አይደለም፤ ሰዓት ቆጣሪው ወይም የኔትወርክ ካርዱ በማንኛውም ቅጽበት ፕሮሰሰሩን ሊያስገባው ይችላል። በዚያ ቅጽበት ፕሮግራሙ የራሱን ስሌት ሲያሰላ ራክስ ውስጥ በአጋጣሚ «የተቋረጠ ጥሪ» የሚመስል ቁጥር ቢኖርስ? ከርነሉ ተታልሎ ሁለት ባይት ቢመልሰው ፕሮግራሙ ትእዛዝ መሃል ላይ ይወድቃል፤ ስሕተቱንም ማንም አያገኘውም። ስለዚህ በሌላ በር ለሚገባ ሁሉ በቅጂው ቦታ ኔጌቲቭ 1 ይጻፍለታል። በከርነሉ ኮድ ውስጥ እዚያ መስመር ላይ የተቀመጠችው አጭር ማስታወሻ የሚደገም ጥሪ እንደሌለ ትናገራለች። ከሃንድለር ሲመለስም ያው ኔጌቲቭ 1 እንደገና ይጻፋል፤ የተመለሱት ሬጅስተሮች ለሁለተኛ ጊዜ እንዳይዳኙ። ሁለት ሲግናሎች ተከታትለው ቢመጡ ደግሞ የመጀመሪያው ሲስተናገድ ራክስ ዜሮ ስለሚሆን ሁለተኛው ሲመጣ የሚያየው ምልክት የለም፤ ጠቋሚው አራት ባይት ወደ ኋላ አይሄድም። ለእነዚህ የኢንቴልና የኤኤምዲ ማሽኖች ይህን ሁሉ የሚወስነው የኮድ ክፍል አንድ ገጽ አይሞላም። እንዲህ ያለ ነገር የሚጽፍ ሰው መጥፎውን አጋጣሚ ሁሉ አንድ በአንድ አስቀምጦ እንዳሰበ ከአጻጻፉ ይታያል።

ኤስትሬስ ያሳየን ረጅም ስም ከአራት ወንድማማቾች አንዱ ነው። ቁጥሮቻቸው 512፣ 513፣ 514 እና 516 ናቸው፣ ከተራዎቹ የስሕተት ቁጥሮች ርቀው ተቀምጠዋል፤ ከከርነሉ ግድግዳ እንዳይወጡ የተከለከሉ ናቸውና። ከርነሉ ውስጥ ያለ አንድ ክፍል ሲቋረጥ ከአራቱ አንዱን ይመልሳል፤ በሩ ላይ ያለው ኮድ ደግሞ ሲግናሉን አይቶ ይተረጉመዋል። 512 «ሃንድለር ከሌለ ወይም ኤስኤ ሪስታርት ከቆመ ይደገም፣ አለዚያ ኢኢንተር» ይላል። 514 «ሃንድለር ከሌለ ይደገም፣ ካለ ኢኢንተር» ይላል፤ ሲግናል ለመጠበቅ ብቻ ለተፈጠሩት እንደ «ፖዝ» ላሉ ጥሪዎች የሚስማማው ይህ ነው። 513 ግን ሁልጊዜ ይደገማል፣ ጠያቂው ምንም ይምረጥ። አዲስ ፕሮሰስ የሚወልደው «ፎርክ» ይህን ይጠቀምበታል። ልጁን ለመፍጠር ሲዘጋጅ ያልተስተናገደ ሲግናል ካገኘ የጀመረውን ያፈርሳል፣ ሲግናሉ ይስተናገዳል፣ ከዚያም ከዜሮ ይጀምራል። ሲግናሉ ለወላጁ ነው ወይስ ለልጁም ጭምር የሚለው ጥያቄ እንዳይነሣ ነው ይህ ጥንቃቄ።

የሥራው ቁንጮ ግን ለእኔ 516 ነው። አንድ ፕሮግራም «60 ሰከንድ ልተኛ» ብሎ 40ኛው ሰከንድ ላይ ቢቋረጥና ጥሪው እንዳለ ቢደገም፣ ሌላ 60 ሰከንድ ይተኛል፤ በጠቅላላው 100። በየ40 ሰከንዱ የሚያቋርጠው ካገኘ ጨርሶ አይነቃም። እዚህ ላይ ሁለት ባይት ወደ ኋላ መመለስ ውሸት ይሆናል፤ ጥያቄው ያው ቢመስልም ሰዓቱ ሄዷልና። የሊኑክስ ሠሪዎች በ2.6 ከርነል ያመጡት መፍትሔ ይህ ነው። ጥሪው መጀመሪያ ሲገባ «ከአሁን 60 ሰከንድ» የሚለው «እስከዚህ ሰዓት ድረስ» ወደሚል ቁርጥ ያለ ቀጠሮ ይለወጣል። ሲቋረጥ ይህ ቀጠሮ በፕሮሰሱ መዝገብ ውስጥ ትንሽ ማኅደር ላይ ይጻፋል። ከዚያ ከርነሉ ጠቋሚውን ሁለት ባይት ይመልሳል፣ ራክስ ውስጥ ግን የሚጽፈው የድሮውን የጥሪ ቁጥር አይደለም፤ 219ን ነው። 219 «ያቋረጥከውን ቀጥል» የሚል ለብቻው የቆመ ጥሪ ነው። ፕሮግራሙ ያው በር ላይ ተመልሶ ያንኑ ትእዛዝ ይፈጽማል፣ በሩን የሚያንኳኳው ግን በሌላ ስም ነው፤ ከርነሉም ማኅደሩን ከፍቶ ከቀረው ሰዓት ይቀጥላል። ካትን በ«ስሊፕ» ለውጦ በኤስትሬስ የሚከታተልና መስኮቱን የሚጎትት ሰው የመተኛት ጥሪው ሲቋረጥና በምትኩ «ሪስታርት ሲስኮል» ሲታተም ያያል። ማንም ፕሮግራመር ይህን ጥሪ በእጁ ጽፎ አያውቅም ማለት ይቻላል፤ የሚጠራው ራሱ ከርነሉ ነው፣ በፕሮግራሙ እጅ።

ይህን ጉዳይ ከኮምፒውተር ታሪክ ጋር የሚያገናኘው አንድ ጽሑፍ አለ። ሪቻርድ ጋብሪኤል የተባለው፣ ሊስፕ በሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ የሚታወቀው ሰው፣ እ.ኤ.አ. በ1991 ባሳተመው ጽሑፍ ውስጥ ሁለት የኦፐሬቲንግ ሲስተም ሊቃውንት፣ አንዱ ከኤምአይቲ፣ ሌላው ዩኒክስ ላይ ከሚሠራው ከበርክሌይ፣ በዚሁ በተቋረጠ ጥሪ ላይ ሲከራከሩ ይተርካል። ኤምአይቲ አይቲኤስ በሚባለው ሥርዓቱ ጠቋሚውን ወደ ኋላ መልሶ ጥሪውን የማስደገምን መንገድ ይዞ ነበር። የዩኒክሱ ሰው ደግሞ ስሕተት መልሶ ድካሙን ለፕሮግራመሩ መተው ይሻላል፣ ከርነሉ ቀላል ይሆናልና አለ። ጋብሪኤል ከዚህ ተነሥቶ ቀላሉ ትክክለኛውን አሸንፎ ዓለምን እንደወረሰ ጻፈ። ጽሑፉ ዛሬም የሚነበብ ነው፤ እኔ ግን ድምዳሜውን ከኮዱ ጋር ሳስተያይ ነገሩ እዚያ አላቆመም እላለሁ። በዚያው በ1991 የተጀመረው ሊኑክስ በአንድ ገጽ ኮድ ውስጥ ሁለቱንም ሰዎች አስቀምጧቸዋል። ኢኢንተር የሚመልሰው ቅርንጫፍ የዩኒክሱ ሰው ነው፤ ሁለት ባይት የሚቀንሰው ቅርንጫፍ የኤምአይቲው ነው። ማን ይናገር የሚለውን የሚወስነው ጥሪውና ጠያቂው ነው። ውድ ነው የተባለው ትክክለኛ ነገር እንዲህ በሁለት ባይት ቅናሽ መገኘቱ ደግሞ ጥሩ ሠሪ ሲገኝ ዋጋው እንደሚወርድ ያሳያል።

ሁሉ ነገር ግን አልተስተካከለም። ፋይል የሚዘጋው «ክሎዝ» ሲቋረጥ ምን ማድረግ ይገባል? ሊኑክስ ላይ ክሎዝ ገና ሲጀምር የፋይሉን ቁጥር ከመዝገብ ይሰርዛል፤ ቀሪው ሥራ ቢቋረጥ እንኳ ቁጥሩ ተለቋል። ያ ቁጥር ወዲያው ለሌላ ፋይል ሊሰጥ ይችላል። ጥሪው ቢደገም የሚዘጋው ያ ሌላው ፋይል ይሆናል። ስለዚህ ሊኑክስ ውስጥ ክሎዝ አራቱንም ወንድማማቾች በሩ ላይ ይይዛቸውና ሁሉንም ወደ ኢኢንተር ይለውጣቸዋል፤ ፈጽሞ አይደገምም። ኤችፒ ዩኤክስ በሚባለው ዩኒክስ ላይ ደግሞ ክሎዝ ከተቋረጠ ፋይሉ እንደተከፈተ ነው፣ መድገም ግድ ነው። ያው 4 ቁጥር በአንዱ ማሽን «አልቋል»፣ በሌላው «አላለቀም» ማለት ሆነ። በኔትወርክ ላይ ግንኙነት የሚጀምረው «ኮኔክት»ም ጠባዩ አስቸጋሪ ነው፤ ሲቋረጥ ግንኙነቱ ከበስተጀርባ መቀጠሉን አይተውም፣ ስለዚህ መድገም ሳይሆን ቆይቶ ውጤቱን መጠየቅ ነው የሚገባው።

ይህ የኮምፒውተር ሰዎች ብቻ ራስ ምታት አይደለም። ከሀዲያና ከከምባታ ብዙ ወጣት ወደ ደቡብ አፍሪካ ሄዷል፤ ሆሳዕና ውስጥ ከቆሙት ፎቆችና ሱቆች ብዙዎቹ ከዚያ በተላከ ገንዘብ የተሠሩ ናቸው። በስልክም ይሁን በባንክ መስኮት ገንዘብ ሲንቀሳቀስ መሃል ላይ «ሲስተም የለም» የሚባል ነገር ይመጣል። ሰው በዚያን ጊዜ የሚጠይቀው አንድ ጥያቄ ነው፦ ሄዷል ወይስ አልሄደም? ሳይሄድ ሄዷል ከተባለ የታመመ ሰው መድኃኒት ሳይገዛ ይውላል። ሄዶ ሳለ አልሄደም ከተባለና ከተደገመ ሁለት ጊዜ ይወጣል። ፕሮግራሙን የጻፈው ሰው ለእያንዳንዱ ዝውውር የማይደገም መለያ ቁጥር ከሰጠ፣ ድጋሚው ሲመጣ «ይህንማ ሠርቼዋለሁ» ማለት ይቻላል። ካልሰጠ ግን ክሎዝ ላይ የምናየው ግራ መጋባት በብር ይመጣል። ከርነሉ ውስጥ ይህን ያህል የተደከመው ለምን እንደሆነ የሚጠይቀኝ ተማሪ ካለ መልሴ ይኸው ነው።

ከከርነሉ በላይ ያሉት የፕሮግራም ቋንቋዎችም ዘግይተው ተከተሉ። ፓይተን ከ3.5 ጀምሮ፣ እ.ኤ.አ. በ2015፣ የተቋረጡ ጥሪዎችን በራሱ ይደግማል፣ የመጠበቂያ ሰዓቱንም አስልቶ ከቀረው ይቀጥላል። ጎ የተባለው ቋንቋ በተቃራኒው በ2020 በ1.14 ዕትሙ የራሱን ሥራዎች ለማፈራረቅ ሲግናል መላክ ስለጀመረ፣ ለዓመታት ኢኢንተር አይተው የማያውቁ ፕሮግራሞች በድንገት ያዩት ጀመር። የተዘነጋው «ድገም» የሚል መስመር የት እንደጎደለ ያኔ ታወቀ።

ጨርሶ የማይቋረጥ እንቅልፍም አለ። ከዲስክ የሚያነብ ፕሮሰስ ለሲግናል አይነቃም፤ በፕሮሰሶች ዝርዝር ላይ በ«ዲ» ፊደል ይታወቃል። ዲስኩ ቅርብና ፈጣን ስለሆነ ይህ አይጎዳም። ፋይሉ ያለው በሌላ ማሽን ላይ ሲሆንና የኔትወርክ ማከፋፈያው መብራት ሲያጣ ግን ፕሮሰሱ ደርቆ ይቀራል፤ የሞት ሲግናል የሆነው 9 ቁጥር እንኳ አይገድለውም። እ.ኤ.አ. በ2008 በ2.6.25 ከርነል ማቲው ዊልኮክስ መካከለኛ መንገድ አበጀለት፤ ተራ ሲግናል የማይቀሰቅሰው፣ የሞት ሲግናል ግን የሚቀሰቅሰው እንቅልፍ። ምክንያቱ ቀላል ነው፦ ሊሞት ላለ ፕሮሰስ የሚመለስለት መልስ የለም፣ ስለዚህ የሚዋሽበት ሰው የለም።

ሆሳዕና ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህ የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል መቀመጫ ናት፤ በየቢሮው ሰርቨርና ከሥሩ መብራት ሲጠፋ በባትሪ የሚያቆየው ዩፒኤስ ይኖራል። መብራት ሲሄድ ለዚሁ የተመደበ ሲግናል ዩኒክስ ውስጥ አለ፣ «ሲግፓወር»፣ ሊኑክስ ላይ በተለመዱት ማሽኖች ቁጥሩ 30። ዩፒኤሱን የሚጠብቀው ፕሮግራም ይህን ለፕሮሰስ ቁጥር 1፣ የሁሉም ፕሮሰሶች አባት ለሆነው፣ ሊልክለት ይችላል። ፕሮሰስ 1 ግን አብዛኛውን ዕድሜውን የሚያሳልፈው ብዙ ነገሮችን በአንድ ጊዜ በሚጠብቅበት «ኢፖል» ውስጥ ተኝቶ ነው፤ ኢፖል ደግሞ ሃንድለር ከሮጠ ኤስኤ ሪስታርት ቢቆምም አይደገምም። ከዚህ የከፋው የጊዜ ነገር ነው። ሲግናሉ የደረሰው ፕሮሰስ 1 «የመጣ ነገር አለ?» ብሎ አይቶ ገና ሳይተኛ ባለችው ሽርፍራፊ ቅጽበት ከሆነ፣ ሃንድለሩ ምልክት አስቀምጦ ያልፋል፣ ፕሮሰሱም ምልክቱን ሳያይ ይተኛል። ዩፒኤሱ ባትሪውን እየጨረሰ ማንም አያውቅም።

ለዚህ በሊኑክስ 2.6.22፣ እ.ኤ.አ. በ2007፣ የመጣው «ሲግናልኤፍዲ» ነገሩን ከሥሩ ቀየረው። ፕሮሰሱ ሲግናሎቹን ይዘጋቸዋል፤ ማንም አያቋርጠውም። በምትኩ ከርነሉ እንደ ፋይል የሚነበብ ነገር ይሰጠዋል፣ ሲግናል ሲመጣም የሚነበብ ነገር አለው ተብሎ ከሌሎቹ ፋይሎች ጋር እኩል በኢፖል ይታያል። ሳያየው የሚያልፈው ቅጽበት የለም፤ ቢዘገይ እንኳ ሲግናሉ ተቀምጦ ይጠብቀዋል። ዛሬ በአብዛኞቹ ሊኑክሶች ላይ ፕሮሰስ 1 የሆነው ሲስተምዲ ሲግፓወርን የሚቀበለው በዚህ መንገድ ነው። በሆሳዕና መብራት ሲሄድ ወሬው ለእሱ የሚደርሰው የትኛውንም ጥሪ ሳያቋርጥ ነው፤ ልኩ 128 ባይት ነው፣ ተራውን ጠብቆ ይነበባል፣ ከዚያም ማሽኑን በሥርዓት የማጥፋቱ ሥራ ሊጀመር ይችላል።